ድመት፣ ውሻ፣ ጥንቸል ወይስ ዓሣ? አለርጂ ያለበት ሰው ላለበት የደጋ ቤት

ትልቋ ልጄ ስድስት ዓመት እስኪሞላት ድረስ ጠዋት ጠዋት ታስነጥስ ነበር። አንዴ ሁለቴ ቢሆን ማን ይቆጥረው፤ ዐሥርም ዐሥራ አምስትም ጊዜ ሳታቋርጥ ነው። ዓይኗ ቀልቶ፣ አፍንጫዋ እየፈሰሰ፣ ቁርሷን በቅጡ ሳትቀምስ ትምህርት ቤት ትሄዳለች። እኔ «ብርድ ነው» እላለሁ፤ እናቷ ዳማከሴ ትጨምቃለች፤ አንድ የከተማችን ክሊኒክ ደግሞ ሁለቴ «ጉንፋን» ብሎ አሞክሳሲሊን አስይዞ ሸኘን። ነገሩ የተገለጠልን ክረምቱን ሸዋ ሮቢት አክስቷ ዘንድ ከርማ ለመስከረም ስትመለስ ነው። እዚያ አንድም ቀን አላስነጠሰችም። ደብረ ብርሃን በገባች ማግስት ያው ሆነች። ያን ጠዋት ጋቢዋን በራፍ ላይ አውጥቼ ሳራግፈው ፀሐይዋ በጎን መትታው ነበርና የወጣውን ሁሉ አየሁት። እንደ ዱቄት የደቀቀ ነገር ተንሳፍፎ ቀረ፤ መሬት አልወርድ አለ። ድመታችን ሌሊቱን የምታድረው እዚያ ጋቢ ላይ፣ ከልጅቷ እግር ሥር ነበር።

ድመቷን ለጎረቤት ሰጠን። ልጅቷ ሳምንት ሙሉ አኮረፈችኝ። ከዚያ «አባዬ፣ ታዲያ ምን እናሳድግ?» አለች። ለዚህች ጥያቄ መልስ ስፈልግ ሁለት ዓመት ፈጀብኝ። አስተማሪ እንጂ ሐኪም አይደለሁም፤ ያነበብኩትን፣ የጠየቅሁትንና ቤቴ ውስጥ ያየሁትን ነው የማካፍላችሁ።

የደረስኩበትን ከፊት ላስቀድም። ስለ አለርጂና ስለ ለማዳ እንስሳ የሚጻፈው አብዛኛው ምክር «ይህን ዝርያ ግዙ፣ ያንን ተዉ» የሚል ነው። ለሰሜን ሸዋ ደጋ ብዙም አይረዳም። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ መሐል ሜዳ ከዚያም ትበልጣለች። ከኅዳር እስከ ጥር ሌሊቱ ውርጭ ነው። ብርዱ ሰውንም እንስሳውንም አንድ ምድጃ ዙሪያ ይሰበስባል፤ መስኮት የሚከፍት የለም። ስለዚህ እኔ እንስሳን የማወዳድረው በአንድ ጥያቄ ነው፦ ታኅሣሥ ላይ ከሰው መኝታ ውጭ በጤና ማደር ይችላል ወይ?

ፀጉሩ አይደለም

አለርጂውን የሚያስነሣው በእንስሳው ምራቅ፣ በቆዳው ቅባትና ፎረፎር፣ በሽንቱም ውስጥ ያለ ፕሮቲን ነው። ፀጉር ተሸካሚ ብቻ ነው። ድመት ሰውነቷን ስትልስ ምራቋ ፀጉሯ ላይ ይደርቃል፤ ደርቆ ይበናል። ብናኙ እጅግ ደቃቅና ቀላል ስለሆነ አየር ላይ ለሰዓታት ይቆያል፤ በሰው ልብስ ላይ ተሳፍሮ ድመት ረግጣው የማታውቀው መማሪያ ክፍል ሳይቀር ይገባል። ድመቷ ከቤት ከወጣች በኋላም ቶሎ አይጠፋም፤ አራት፣ አምስት፣ ስድስት ወር ሊፈጅ ይችላል። እኛ ቤት እስከ የካቲት ዘልቋል። ድመት ሰጥታችሁ በሁለተኛው ሳምንት «ልጁ አልተሻለውም፤ ድመቷ አልነበረችም ማለት ነው» ብላችሁ መልሳችሁ እንዳታመጧት።

አዲስ አበባ ላይ ፑድልና ከፑድል የተዳቀሉ ቡችሎች «አለርጂ የላቸውም» እየተባሉ በውድ ዋጋ ሲሸጡ ሰምታችሁ ይሆናል። ነገሩ ተፈትሿል። በ2011 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ የወጣ ጥናት እንዲህ የሚባሉ ውሾች ያሉበትን ቤት አቧራ ከሌሎቹ ጋር ሲያነጻጽር በውሻ ፕሮቲኑ መጠን ልዩነት አላገኘም። በቀጣዩ ዓመት ኔዘርላንድ ውስጥ የወጣው ደግሞ ጭራሽ የእነዚሁ ውሾች ፀጉር ላይ ፕሮቲኑን በብዛት አገኘው። ብራችሁን ለውሻ ቤት ማሠሪያ አውሉት።

ተጠያቂው እንስሳው ነው ወይ?

ይህን ሳታጣሩ ምንም አትምረጡ፤ ምክንያቱም በእኛ አገር እንስሳ ያላጠፋውን ብዙ ይሸከማል።

ደጋው የቁንጫ አገር ነው። እግር ላይና ወገብ ላይ ሦስት አራት ሆኖ ተደርድሮ የሚያሳክክ እብጠት የቁንጫ ንክሻ ምልክት ነው። እንስሳው ተሸክሞ አምጥቶት ይሆናል፤ ግን መድኃኒቱ ለእንስሳው የቁንጫ ሕክምና ማድረግ፣ መኝታውን ፀሐይ ማውጣት፣ ወለሉን ጥግ ጥጉን መጥረግ ነው። ለዚህ ብሎ ውሻ መስጠት ትርፍ የለውም። የኩበት ጭስም አለ፤ ምድጃ ሲነድ ሁሉም ሰው የሚያስልበትና የሚያለቅስበት ቤት ችግሩ ጭስ ነው፤ አስም ላለበት ደግሞ ከድመትም ሊብስበት ይችላል። ኅዳርና ታኅሣሥ የገብስ ውቂያ ብናኝ አለ፤ ከክረምት መውጣት በኋላ የሣርና የአበባ ብናኝ አለ። የመንዝ ባና አንገት ሲነካ የሚኮሰኩሰውስ? እሱ አብዛኛውን ጊዜ የሻካራ ሱፍ መውጋት ነው፤ አለርጂ ብለን ባናውን አንክሰሰው።

የእንስሳ አለርጂ ግን መልኩ የታወቀ ነው። ተከታታይ ማስነጠስ፣ እንደ ውኃ የቀጠነ የአፍንጫ ፈሳሽ፣ የሚያሳክክና የሚቀላ ዓይን፣ እንስሳው የላሰው ቦታ ላይ ሽፍታ፤ አንዳንዱ ላይ ደረት መጥበብና ሲር ሲር የሚል ትንፋሽ። ብዙ ሰው «ሳይነስ አለብኝ» ብሎ ዓመታት የሚኖረው ይህንኑ ይዞ ነው። ደብተር ያዙና ሁለት ሦስት ሳምንት ጻፉ፦ የት አደረ፣ ምን ነካ፣ መቼ አስነጠሰ። እኔ እንዲህ ሳደርግ ልጄ ዶሮ ቤት ገብታ እንቁላል ስትሰበስብ ምንም እንደማትሆን ደረስኩበት፤ እስከዚያ ድረስ ዶሮዋንም እጠረጥር ነበር።

ድመት

ለአለርጂ ከሁሉም የከፋችው ድመት ናት። ብናኟ ከውሻ ይልቅ አየር ላይ ይቆያል፤ ጠባይዋም አይረዳም። ውሻን «ውጣ» ብላችሁ ታስለምዱታላችሁ። ድመት በር ዘግታችሁ ስትጨርሱ ጣሪያ ሥር ካለው ክፍተት ገብታ ምድጃ ዳር ተኝታ ታገኟታላችሁ። ብርድ ስትጠላ ደግሞ የምትመርጠው ሞቃቱን ነው፤ ሞቃቱ የሰው አልጋ ነው። እኔ በጥያቄዬ ስመዝናት እዚያው ትወድቃለች።

ነገር ግን አማቴ መንዝ ናቸውና ይህን ስነግራቸው አልተቀበሉኝም። «አንተ ልጅ፣ ድመት የሌለው ቤት የአይጥ ቤት ነው፤ እህሉን ለማን ልታስቀምጠው ነው?» አሉኝ። «እማማ፣ ልጅቷ እኮ ታማለች» ስላቸው «አይጡስ አያሳምም?» ብለው ዝም አሰኙኝ። በኋላ ሳነብ ያሉት ልክ ነበር፤ የአይጥ ሽንትም ለአስም የሚያስቸግር ፕሮቲን አለበት። ስለዚህ እህል የሚያስቀምጥ ገበሬ ቤት ድመቷን ሲያስወጣ በምትኩ ሌላ ነገር ማሰብ አለበት፦ ክዳን ያለው የብረት በርሜል፣ ወጥመድ፣ የተደፈነ ቀዳዳ። የአይጥ መርዝ ሕፃንና ውሻ ባለበት ቤት አልመክርም።

ድመት መተው ለማይችል ቤት የቀረው መንገድ ማደሪያዋን ከሰው ቤት ተለይቶ በቆመ የእህል ጎተራ ማድረግ ነው፤ ጭድ አንጥፋችሁ፣ ምግቧንም እዚያው እየሰጣችሁ። ሴት ወይም የተኮላሸ ድመት ካልተኮላሸ ወንድ ያነሰ ፕሮቲን ያመነጫል። ማጠብም ይቀንሰዋል፤ ግን በጥቂት ቀን ውስጥ ይመለሳል፤ በደብረ ብርሃን ውኃ ድመት በየሳምንቱ የሚያጥብ ሰው ካለ አሳዩኝ።

ውሻ

እኛ የመረጥነው ይህን ነው፤ ስለዚህ አዳልቼ እንደምጽፍ እወቁልኝ።

ውሻም አለርጂ ያስነሣል። የሚያድነን ባህላችን ነው፦ አገራችን ውሻ ደጅ ነው የሚያድረው፤ ቤት አይገባም፤ ምንጣፍ አይረግጥም። ከተማ ያሉ ወዳጆቼ ይህን እንደ ጭካኔ ያዩታል። አለርጂ ላለበት ቤት ግን ሌላው ዓለም በስንት ትግል ሊያደርሰው የሚሞክረው ይህንኑ ነው። ጭካኔ የሚሆነው ማደሪያ ሳይሠሩለት ሲቀሩ ነው።

የአገራችን ውሻ ፀጉሩ በብርድ ጊዜ ወፍሮ ይጠጥራል፤ ውርጩን ይችላል፤ የማይችለው እርጥበትንና ንፋስን ነው። የውሻ ቤቱ ከመሬት አንድ ስንዝር ከፍ ይበል፤ በሩ ንፋሱ ከሚመጣበት በተቃራኒው ወገን ይሁን፤ ስፋቱ ዞሮ ለመተኛት የሚበቃው ያህል ብቻ ይሁን፤ ሰፊ ከሆነ በገላው ሙቀት ሊያሞቀው አይችልም። ውስጡ ጭድ ነው የሚገባው። አሮጌ ብርድ ልብስ አታንጥፉ፤ ጨርቅ እርጥበት ይይዝና ሌሊት ይቀዘቅዛል፤ ጭድ ግን ደረቅ ሆኖ ይቆያል፤ ውሻውም ገብቶ ይቀበርበታል። የእኔን ከአጣና ተራፊና ከአሮጌ ቆርቆሮ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ሠርቼ ጨረስኩት።

አብዛኛው ቤተሰብ የሚሳሳተው ቡችላው ላይ ነው። ኅዳር ላይ ቡችላ ያመጣሉ፤ «እስኪጠና» ብለው ቤት ያስገቡታል፤ ሲጠና አይወጣም፤ ልጆቹም አያስወጡትም። ቡችላ የምትወስዱ ከሆነ መጋቢት ወይም ሚያዝያ ላይ ውሰዱ። ክረምቱን ደጅ ለምዶ፣ ፀጉሩን አሳድጎ፣ ውርጩ ሲመጣ ጎረምሳ ሆኖ ይጠብቀዋል።

ወንድ ወይስ ሴት? ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር እዚህ አለ። ከውሻ ፕሮቲኖች አንዱ የሚመነጨው ከወንዱ የፕሮስቴት ዕጢ ነው። ለውሻ አለርጂ ካላቸው ሰዎች መካከል በዚህ ፕሮቲን ብቻ የሚነሣባቸው አሉ፤ እነሱ ሴት ውሻ ምንም ላታደርጋቸው ትችላለች። ሁሉም ሰው እንዲያ አይደለም፤ ሆኖም ዕድሉ ካለ ሴት መምረጥ ምን ይጎዳል? ጉዳቱ የመጠቃት ጊዜዋ ሲደርስ ሰፈሩ በወንድ ውሻ መሞላቱና ቡችላ ማን ይውሰድልኝ እያሉ መለመን ነው፤ የእንስሳት ሐኪም ጠይቃችሁ አስመክኗት።

የቀረው ሥራ ድርሻ መከፋፈል ነው። ፀጉሯን የሚያበጥረው አለርጂ የሌለበት ሰው ነው፤ የሚያበጥረውም ደጅ፣ ንፋሱን ከጀርባው አድርጎ ነው። ልጄ ትጫወታለች፣ ትሮጣለች፤ ስትገባ እጇን በሳሙና ትታጠባለች፤ የጨዋታ ሹራቧ በር ላይ ምስማር ላይ ይሰቀላል። እጇን ሳትታጠብ ዓይኗን ካሸች በአምስት ደቂቃ ውስጥ እናውቃለን።

የእብድ ውሻ ክትባት ቡችላው ሦስት ወር ሲሞላው፣ ከዚያም በየዓመቱ ነው። ውሻ ሰው ከነከሰ ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚወርድ ውኃ 15 ደቂቃ ማጠብና የዚያኑ ቀን ጤና ተቋም መሄድ ነው፤ ጠበል ከዚያ በኋላ ይደረሳል።

ጥንቸል፣ ዶሮ፣ እርግብ

ጥንቸል በብርድ በኩል ከሁሉም ታልፋለች። ሙቀት እንጂ ብርድ አይገድላትም፤ ደረቅና ንፋስ የማይገባበት ሳጥን ካላት ደብረ ብርሃን ይስማማታል፤ ሸዋ ሮቢት ቆላ ውስጥ ግን ትሠቃያለች። ምራቋና ሽንቷ አለርጂ ያስነሣል፤ ከእሷ ይልቅ የምትበላው ድርቆሽ የሚያስነጥሰው ሰውም ብዙ ነው፤ መጋቢው ሌላ ሰው ይሁን። እኛ ዘንድ ጥንቸል አይበላምና ሽማግሌ ባለበት ቤት «ይህ ደግሞ ለምን ይጠቅማል?» መባሉ አይቀርም። ይህን ለልጆቹ ብላችሁ መቻል ነው። ሣጥኑ ከመሬት ከፍ ያለና ሽቦው ጠንካራ ይሁን፤ የሰፈር ውሻ አይምርም።

ዶሮ የቤት አለርጂ ብዙ አታመጣም፤ ቆጧ ሰው በሚተኛበት ክፍል እስካልሆነ ድረስ። ኩሷንና ላባዋን በደረቁ አትጥረጉ፤ ውኃ ርጩበት። እንቁላል የማይስማማው ልጅ ላባም አይስማማውም ብላችሁ አትደምድሙ፤ አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱ የተለያዩ ናቸው።

እርግብን አለርጂ ላለበት ቤት አልወድም። ማስነጠስ ብቻ አይደለም የማስበው፤ የላባዋንና የኩሷን ብናኝ ለዓመታት የሚተነፍስ ሰው ሳንባው ሊቆጣ፣ ትኩሳትና ሳል ሊመላለስበት፣ ሲቆይም ሳንባው ጠባሳ ሊይዝ ይችላል።

ዓሣ

አስሙ የጠና ሰው ላለበት ቤት ያለ ክርክር ዓሣ ነው። ፎረፎር የለው፣ ምራቁ አይበንን። ጥንቃቄው ሁለት ነው፦ ደረቁ የዓሣ ምግብ ራሱ አንዳንድ ሰው ላይ አለርጂ ያስነሣል፤ የመስታወቱ ክዳን አካባቢ ደግሞ ሻጋታ እንዳይበቅል በየጊዜው ይጠረግ።

ብርዱ እዚህም አይለቀንም። ቀለም ያላቸው የሞቃት አገር ዓሣዎች 24 ዲግሪ ገደማ ውኃ ይፈልጋሉ፤ ማሞቂያ ያሻቸዋል፤ መብራት በጠፋ ሌሊት ደብረ ብርሃን ላይ ያልቃሉ። ወርቃማው ዓሣ ግን የቀዝቃዛ ውኃ ዓሣ ነው፤ ማሞቂያ አያሻውም። የቧንቧ ውኃ ክሎሪን አለውና ባልዲ ውስጥ አሳድራችሁ ጨምሩ። ሸዋ ሮቢት ለምትኖሩ ጉዳዩ ቀላል ነው። ልጆች ግን ቶሎ ይሰለቻሉ፤ ዓሣ አይታቀፍም፤ ስሙን ጠርተውት አይመጣም። የእኔዋ ልጅ ሳትሰለች የቆየችው ሁለት ወር ነው።

ግልገል

ይህን ያመጣሁት እኔ ነኝ፤ ጥፋቱም የእኔ ነው። የመንዝ ግልገል ሱፉ ወፍራም ነው፤ ውርጩ ግድ አይሰጠውም፤ ደጅ በረት አለው፤ ሣር ይበላል፤ ልጅ ይከተላል። በሚዛኔ ሲለካ አንደኛ ይወጣል። ልጅቷም አንዲት ማስነጠስ አላስነጠሰችም። ጥምቀት ላይ ገዛሁት፤ ስም አወጣችለት፤ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ጩኸቱን ከሩቅ ታውቀዋለች። ፋሲካ ሲደርስ ጎረቤቱ ሁሉ «ጥሩ ወጥቶላችኋል» እያለ ጎኑን ይዳብሳል። እኔ አፍ የለኝም። በመጨረሻ ሌላ በግ ገዝቼ ያንን ለአማቴ መንዝ ላክሁት፤ እዚያ ምን እንደሆነ ልጅቷ እስከ ዛሬ ትጠይቃለች፤ አማቴም «አለ፣ አለ» ይላሉ። ግልገል የምታመጡ ከሆነ ሴቷን አምጡ፤ ለእርባታ ስለምትቀር መልስ ይኖራችኋል።

ኤሊም ጠይቃኝ ነበር፤ የአክስቷ ልጆች ቆላው ላይ አይተው ነግረዋት። የዱር እንስሳ ከቦታው አይነሣም፤ ኤሊ የነካ እጅም ሳልሞኔላ የሚባል የተቅማጥ ባክቴሪያ ይዞ ወደ አፍ ይሄዳል። አይሆንም አልኳት።

ከመወሰናችሁ በፊት

ያሰባችሁት እንስሳ ያለበት ጎረቤት ዘንድ ሦስት አራት ጊዜ ሂዱ፤ በየጊዜው አንድ ሰዓት ያህል ቆዩ። አንዳንዱ በደቂቃዎች ውስጥ ያስነጥሳል፤ አንዳንዱ ማታ ቤቱ ገብቶ ነው ደረቱ የሚጠብበው፤ ስለዚህ የዚያኑ ሌሊትም ተከታተሉ። ፓፍ (በአፍ የሚነፋ የአስም መድኃኒት) የሚጠቀም ወይም በአስም ሆስፒታል ተኝቶ የሚያውቅ ሰው ግን ይህን ሙከራ ከሐኪሙ ጋር ሳይነጋገር አያድርገው። ሴትሪዚን የሚባለው የአለርጂ ክኒን ማስነጠሱንና ማሳከኩን ያስታግሳል፤ ክኒን እያስዋጡ ድመት አልጋ ላይ ማስተኛት ግን የሚያዋጣ መንገድ አይመስለኝም።

«ከከብት ጋር ያደገ ልጅ አለርጂ አያውቀውም» የሚሉም አሉ። ከባዶ አልተነሣም። ጅማ ከተማና በዙሪያዋ ገጠር ተደርጎ በ1997 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት አስም ከገጠሩ ይልቅ በከተማው በብዛት እንደሚታይ አግኝቷል። ግን ይህ ሳይታመሙ ስላደጉት ነው። አሁን የሚያስነጥስን ልጅ ከድመት ጋር አስተኝቶ «ይለምደዋል» ማለት ሌላ ነገር ነው፤ ላይለምደውም፣ ወደ አስም ሊሄድም ይችላል።

የእኛዋ ውሻ መጋቢት ላይ መጣች፤ ቡናማ ናት፤ አንድ ጆሮዋ ይወድቃል። ኅዳር ላይ የመጀመሪያው ውርጭ የወረደ ሌሊት ልጄን ልሸፍን ስነሣ ጋቢዋ አልጋው ላይ የለም። ጠዋት በሩን ስከፍት ጋቢው ከውሻ ቤቱ ደጃፍ ተጥሏል፤ ውርጭ ይዞት እንደ ሳንቃ ደርቋል። ውሻዋ ጎትታ አውጥታ ጥላዋለች፤ እሷ ጭዱ ውስጥ ተቀብራ የሚታየው የወደቀው ጆሮዋ ብቻ ነበር።